የእናቴ ሲአርፒ ወረደ፤ ያወረደው የዓሣ ዘይቱ ነው?

በመድረካችን ላይ ይህን ጥያቄ አንሥቶ የውይይቱን ክር የከፈተው በሜሪላንድ የሚኖር ወንድም ነው። እናቱ የ72 ዓመት ሴት ናቸው፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር ለእርሳቸው የሚላክ የዓሣ ዘይት ከሻንጣው አይጠፋም። ጉልበታቸውን አሟቸው ሐኪም ዘንድ በሄዱ ጊዜ በተደረገላቸው የደም ምርመራ፣ በሰውነት ውስጥ ብግነት (መቆጣት) መኖሩን የሚያመለክተው ሲአርፒ 6.2 ሚሊግራም በሊትር ሆኖ ተገኘ። እንክብሉን ለሦስት ወር ያህል ከወሰዱ በኋላ ሲለካ 2.9 ሆነ። ልጃቸው ከዚህ ተነሥቶ ሁለት ነገር ጻፈ። የመጀመሪያው፣ ልኬቱን ያወረደው የዓሣ ዘይቱ ስለመሆኑ የሚያውቅ ሰው እንዲነግረው የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ግን ድምዳሜ ነበር፤ እርጅና ራሱ ብግነት ስለሆነ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ወላጆቻችን ሁሉ ኦሜጋ 3 የተባለውን የዓሣ ዘይት ቅባት ሊወስዱ ይገባል ይላል። ክርክሩን ያስነሣው ይኸው ድምዳሜ ነው። ምላሾቹ ብዙ ስለሆኑና አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንተራስ፣ ዘግይቶ ለሚደርስ አንባቢ ፍሬ ነገራቸውን በየቁጥራቸው እተርካለሁ።

1ኛው ምላሽ አጭርና ትሕትና የተሞላበት ነው። ጸሐፊዋ እስራኤል ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ነርስ ስትሆን፣ ለእናቱ ጤና ከተመኘች በኋላ በምትሠራበት ቤት ካሉት አዛውንት ብዙዎቹ ይህን እንክብል እንደሚወስዱና ሲጎዳቸው እንዳላየች ትገልጻለች። ስለ ልኬቱ ያነሣችው ነገር የለም።

ወደ ልኬቱ የገባው 2ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆኑን ካስታወቀ በኋላ ለክሩ ከፋች ሦስት ጥያቄ ያቀርባል፤ ሁለቱ ምርመራዎች በአንድ ላቦራቶሪ ነው ወይ የተሠሩት፣ የተለካው ተራው ሲአርፒ ነው ወይስ ዝቅተኛ መጠንን የሚለየው ባለ ከፍተኛ ስሜቱ፣ መለኪያውስ በሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ ነው ወይ የሚሉ ናቸው። የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ቢመስልም ብዙ ቤተሰብ ያስደነገጠ ጉዳይ መሆኑን ያስረዳል፤ አንዳንዱ ላቦራቶሪ በሊትር፣ ሌላው በዴሲሊትር ስለሚጽፍ፣ በአንዱ ወረቀት 0.6 የተባለው በሌላው 6 ይሆናል፤ ሰውየው ግን አንድ ነው፣ ደሙም አልተለወጠም። ከዚያ አልፎ ስለ ንጥረ ነገሩ ጥቂት ይነግረናል። ሲአርፒ በ1930 በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም በሳንባ ምች ሕሙማን ደም ውስጥ የተገኘ ፕሮቲን ነው፤ የሚሠራው ጉበት ሲሆን፣ ከደም ውስጥ ግማሹ የሚጠፋው በ19 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ጉንፋን፣ የጥርስ መመርቀዝ፣ ወይም የቆዳ ቁስል በቀናት ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፣ ሲድንም በቀናት ውስጥ ይወርዳል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2003 ባወጣው መመሪያ ከ1 በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ የልብ ሕመም ሥጋት ተብሎ የተከፈለው፣ ሰውየው ደኅና በሆነበት ወቅት በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ሲወሰድ መሆኑንም ያክላል። በእኔ ግምት የክሩ መልስ በግማሽ ያህሉ እዚህ ላይ አልቆ ነበር፤ ነገር ግን ማንም አላስተዋለውም።

3ኛው ምላሽ ትዝታ ነው። ጸሐፊው የ80 ዓመት አባቱ ኢኤስአር፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋሳት የሚዘቅጡበት ፍጥነት፣ 38 ሆኖ ሲገኝ ቤተሰቡ እንዴት እንደተደናገጠ፣ ቁርጥማት ነው ተብሎም ለወራት የቁርጥማት እንክብል እንደዋጡ፣ በመጨረሻ እንክብሉ ጨጓራቸውን እንደጎዳ በዝርዝር ይተርካል። ከዓሣ ዘይት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ለ4ኛው ምላሽ ጥሩ በር ከፍቷል። 4ኛዋ ጸሐፊ በትሕትና አርማዋለች፤ የቀይ ደም ሕዋሳት የመዝቀጥ ፍጥነት ከዕድሜ ጋር በራሱ ከፍ ይላል፣ ሐኪሞችም ለወንድ ዕድሜውን ለሁለት፣ ለሴት ዕድሜዋ ላይ 10 ጨምረው ለሁለት በማካፈል የላይኛውን ወሰን ይገምታሉ። በዚህ ሒሳብ የ80 ዓመት ወንድ እስከ 40 ድረስ ቢያሳይ እንግዳ ነገር አይደለም። የደም ማነስም ኢኤስአርን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ብቻውን ታይቶ መድኃኒት ሊያሳዝዝ እንደማይገባ ታሳስባለች።

5ኛው ምላሽ ከሁሉም ረጅሙ ነው። ስዊድን የሚኖር የውስጥ ደዌ ሐኪም የጻፈው ሲሆን፣ የክሩ ከፋች እርጅና ራሱ ብግነት ነው ያለውን በግማሽ ተቀብሎ በግማሽ ያርመዋል። ጣሊያናዊው የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ በ2000 ከባልደረቦቹ ጋር ለዚህ ሁኔታ መጠሪያ ከሰጠው ወዲህ፣ በአረጋውያን ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን-6 የተባለው የብግነት መልእክተኛ ከወጣቶቹ ይልቅ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ በተደጋጋሚ ታይቷል። ጉበት ሲአርፒ እንዲሠራ የሚያዘው በዋናነት ይኸው ኢንተርሉኪን-6 ነው። ከፍ የሚልበትን ምክንያት ሐኪሙ አንድ በአንድ ያስረዳል፤ መከፋፈል ያቆሙ ግን ያልሞቱ ያረጁ ሕዋሳት የብግነት መልእክተኞችን ያለማቋረጥ ይለቃሉ፤ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ ራሱ ኢንተርሉኪን-6 ያመነጫል፤ የአንጀት ግድግዳ ጥብቀቱ እየላላ የባክቴሪያ ቁርጥራጭ ወደ ደም ያሳልፋል፤ ዕድሜ ልክ ተደብቀው የሚኖሩ ቫይረሶች የመከላከያ ሥርዓቱን ሲያደክሙ ይኖራሉ፤ የድድ ሕመምና ሲጋራም የየድርሻቸውን ያክላሉ። ዋናው ነጥቡ ግን ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። እነዚህ ምክንያቶች በሁሉም አረጋዊ ላይ እኩል አይደሉም፤ ቀጭን፣ በእግሩ የሚንቀሳቀስ፣ የማያጨስ የ75 ዓመት ሰው ሲአርፒው ከ1 በታች ሊሆን ይችላል፣ የ45 ዓመቱ ቦርጫም ልጁ ደግሞ 5 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የልደት ቀን ብቻውን መድኃኒት ማዘዣ ሊሆን አይችልም።

ሐኪሙ እንዲህ በዕርጋታ ባስረዳበት ላይ 6ኛው ምላሽ መጥቶ መድረኩን አተራመሰው። ጸሐፊው የእንክብል ንግድ የስደተኛን የናፍቆት ገንዘብ የሚበላ ዘዴ ነው ብሎ ይጀምርና፣ የክሩን ከፋች ራሱን ሻጭ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይጠረጥረዋል። 7ኛው ምላሽ በንዴት የተጻፈ መከላከያ ነው፤ ለእናቱ የሚያስብን ሰው ያለ ማስረጃ ነጋዴ ማለት ነውር መሆኑን ይገልጽና ጸሐፊው ይቅርታ እንዲጠይቅ ያሳስባል። ይቅርታው አልመጣም። ሆኖም 6ኛው ጸሐፊ በስድቡ መሐል ያነሣት አንዲት ጥያቄ ፍትሐዊ ነበረች፤ የዓሣ ዘይት የብግነትን ልኬት እንደሚያወርድ በሰው ላይ በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል ወይ?

8ኛው ምላሽ ለዚህ አዎንታዊ መልስ ያቀርባል። ጸሐፊዋ የፋርማሲ ባለሙያ ናት። በዓሣ ዘይት ውስጥ ያሉት ኢፒኤና ዲኤችኤ የተባሉ ቅባቶች በሕዋስ ሽፋን ውስጥ አራኪዶኒክ አሲድ የተባለውን ሌላ ቅባት ቦታ እየወሰዱ፣ ከእርሱ የሚሠሩትን ብግነት አባባሽ ንጥረ ነገሮች እንደሚቀንሱ፣ ከእነርሱ ራሳቸውም ብግነትን የሚያበርዱ ሬዞልቪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንደሚሠሩ ታስረዳለች። ቀጥላ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2012 የታተመውን ጥናት ትጠቅሳለች። በጥናቱ የተሳተፉት 138 ውፍረት ያላቸውና ብዙ የማይንቀሳቀሱ፣ በመካከለኛና በእርጅና ዕድሜ የሚገኙ ሰዎች ሲሆኑ፣ ለአራት ወራት ከፊሎቹ በቀን 1.25 ግራም፣ ከፊሎቹ 2.5 ግራም ኦሜጋ 3፣ የቀሩት ኦሜጋ 3 የሌለበት ማነጻጸሪያ እንክብል ወሰዱ። ኢንተርሉኪን-6 በመጀመሪያዎቹ በ10፣ በሁለተኞቹ በ12 ከመቶ ሲቀንስ፣ በማነጻጸሪያው ቡድን በ36 ከመቶ ጨመረ። የክሩ ከፋች ይህን ሲያነብ ደስታውን በአንድ መስመር ገልጿል፤ ያ መስመር 9ኛው ምላሽ ሆኖ ተቆጥሯል።

ደስታው አልቆየም። 10ኛው ምላሽ ቪታል የተባለውን የአሜሪካ ጥናት ይዞ ቀረበ። በዚህ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ወንዶችና ከ55 በላይ የሆኑ ሴቶች፣ በድምሩ 25,871 ሰዎች፣ በዕጣ ተከፋፍለው በቀን 1 ግራም የዓሣ ዘይት ወይም ማነጻጸሪያ ከአምስት ዓመት በላይ ወስደዋል። በ2018 በወጣው ውጤት ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎችም ሆኑ ካንሰር ጉልህ ቅናሽ አላሳዩም። በቀጣዩ ዓመት፣ ከተሳታፊዎቹ ወደ 1,500 የሚጠጉት ደማቸው ተመርምሮ በወጣው ሌላ ጽሑፍ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንተርሉኪን-6ም ሆነ ሲአርፒ በዓሣ ዘይቱ ምክንያት እንዳልቀነሱ ተገለጸ። ጸሐፊው ሐቀኛ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያውም ዓሣ እምብዛም በማይበሉት ዘንድ ሲአርፒ ጥቂት ቅናሽ ማሳየቱን ሳይደብቅ አስፍሯል። ይህ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ አብዛኞቹ እናቶቻችን ዓሣ የሚበሉት በዓመት ውስጥ በጣት በሚቆጠር ቀን ነውና። የሚያሳዝነው ግን ከ10ኛው ምላሽ በኋላ የጻፉት ሁሉ ይህቺን ነጥብ አልፈዋት መሄዳቸው ነው።

11ኛውና 12ኛው ምላሾች እርስ በርስ የተጻፉ ናቸው፤ የክሩም ከባዱ ክፍል ይኸው ነው። 11ኛው ጸሐፊ መጠኑ ከፍ ካለ ውጤቱ ይለወጣል ብሎ ሪዱስ-ኢት የተባለውን ጥናት ያነሣል። ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስባቸው ከፍ ያለና ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ 8,179 ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ በቀን 4 ግራም የተጣራ ኢፒኤ የወሰዱት በልብና በደም ሥር አደጋዎች 25 ከመቶ ቅናሽ አሳዩ፤ በጸሐፊው እምነት ምስጢሩ ብግነትን ማብረዱ ነው። 12ኛዋ ጸሐፊ በሰላ ቃል ትመልስለታለች። ማነጻጸሪያው ቡድን የዋጠው የማዕድን ዘይት ነበር፤ በዚያ ቡድን መካከለኛው ሲአርፒ ከ2.1 ተነሥቶ 2.8 ደረሰ፤ በ2022 የወጣ ትንታኔም ሌሎች የብግነት አመላካቾች ጭምር በዚሁ ቡድን ከፍ ማለታቸውን አሳየ። ማነጻጸሪያው ራሱ ከተበላሸ፣ ከልዩነቱ የትኛው የኢፒኤው ጥቅም፣ የትኛው የማዕድን ዘይቱ ጉዳት እንደሆነ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም ትላለች። ከዚያም ማነጻጸሪያው የበቆሎ ዘይት የሆነበትን ስትሬንግዝ የተባለ ጥናት ትጠቅሳለች፤ 13,078 ሰዎች፣ በቀን 4 ግራም ኢፒኤና ዲኤችኤ፤ ጥቅም እንደማይገኝ ስለታመነ በ2020 መጀመሪያ ተቋረጠ። እዚያ ሲአርፒ ከማነጻጸሪያው ቡድን ይበልጥ ወርዶ ነበር፤ የልብ አደጋው ግን አልቀነሰም። ለ11ኛው ጸሐፊ ያቀረበችው ጥያቄም እስካሁን መልስ አላገኘም፤ ልኬቱ ወርዶ ሰውየው ካልተጠቀመ፣ የወረደው ምንድን ነው?

እኔ ለዚህ ሁለቱም ያላነሡትን ልጨምር። ካንቶስ የተባለው የ2017 ጥናት ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የተባለውን ሌላ የብግነት መልእክተኛ በሚገታ መርፌ ከ10,000 በሚበልጡ ሕሙማን ላይ ሲደረግ፣ ሲአርፒም ወርዷል፣ የልብ አደጋም መካከለኛውን የመድኃኒት መጠን በወሰዱት ላይ በ15 ከመቶ ቀንሷል። ብግነትን ማብረድ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም እንግዲህ፤ በየትኛው መንገድ ወረደ የሚለው ነው ወሳኙ።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ስቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ። 13ኛው ጸሐፊ ከባሕር ማዶ እንክብል ከማስመጣት ተልባ መጠጣት ይሻላል አለ። 14ኛው ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣውን ዓሣ አወደሰ። 15ኛዋ በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ቀሰቀሰች፣ የመድረኩ አስተናባሪም ያን ክርክር ለሌላ ክር እንዲያቆዩት በማሳሰቢያ አስቆመው። 8ኛዋ የፋርማሲ ባለሙያ ተመልሳ በ16ኛው ምላሽ ሁለቱን አረመቻቸው። ከተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3 መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ዓይነቱ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባለው ነው፤ ሰውነት ከዚያ ውስጥ ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ሲሆን ወደ ዲኤችኤ የሚለውጠው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የሐይቆቻችን ቆሮሶም ለምግብነቱ መልካም ቢሆንም ሥጋው ስብ የሌለው ስለሆነ እንደ ቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ አይቆጠርም። ከየሱቁ የሚገኘው የቆርቆሮ ሰርዲን በ100 ግራም ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ኢፒኤና ዲኤችኤ እንዳለው ስትጽፍ፣ በክሩ ውስጥ ከተሰጡት ምክሮች ሁሉ ኪስ የማይጎዳውን ሰጠች ማለት ነው።

17ኛው ምላሽ የክሩ ከፋች ራሱ ነው። የ2ኛውን ጸሐፊ ጥያቄዎች ዘግይቶም ቢሆን ለመመለስ ወደ አዲስ አበባ ደውሎ ነበር። መለኪያው በሁለቱም ወረቀት አንድ መሆኑን፣ ላቦራቶሪዎቹ ግን የተለያዩ መሆናቸውን አረጋገጠ። ከዚያ በላይ ግን እኅቱ ሌላ ነገር ነገረችው፤ የመጀመሪያው ደም በተወሰደበት ሳምንት እናታቸው የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው መርቅዞ ፊታቸው አብጦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጥርሱ ተነቅሎላቸዋል፣ አንቲባዮቲክም ወስደዋል። እርሱ ይህን ያኔ አልሰማም፤ እናትየው ልጄ በሰው አገር እንዳይጨነቅ ብለው ነው ያልነገሩት።

18ኛው ምላሽ ከ6ኛው ጸሐፊ ነው፤ ድል እንዳደረገ ሰው ነው የጻፈው። ይሁን እንጂ ያለው ትክክል ነው፤ ከፍ ብሎ የተገኘ ልኬት እንደገና ሲለካ፣ ምንም ባይደረግበትም፣ ወደ ለመደው የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ በመካከል የተዋጠው እንክብል ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። በዚህ ላይ የተነቀለ ጥርስ ሲጨመርበት ለዓሣ ዘይቱ የሚተርፍ ድርሻ መኖሩን ማወቅ አይቻልም። 5ኛው ሐኪም በ19ኛው ምላሽ ቃናውን ሲያለዝብ፣ የጥርሱ ነገር መታወቁ በራሱ ትልቅ ግኝት መሆኑን ጠቅሶ ለልጁ ሁለት ነገር አሳሰበው። አንደኛው የልብ ጉዳይ ነው፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2023 ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለውን የልብ ምት መዛባት የኦሜጋ 3 መድኃኒቶች የታወቀ ጎንዮሽ ጉዳት አድርጎ መዝግቦታል፤ አደጋው ከፍተኛ የሚሆነው በቀን 4 ግራም ሲወሰድ ነው፤ በስትሬንግዝ ጥናትም ከማነጻጸሪያው 1.3 ከመቶ ይልቅ በ2.2 ከመቶ ተሳታፊዎች ላይ ታይቷል። እናቱ ልባቸው አለአግባብ የሚመታ ከሆነ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ሁለተኛው የጉልበቱ ጉዳይ ነው፤ ነገሩ የተጀመረው በጉልበት ሕመም መሆኑን ሁሉም ዘንግቶት ነበርና። ሩማቶይድ አርትራይተስ በተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታ በቀን 3 ግራም አካባቢ ኢፒኤና ዲኤችኤ ሕመምን እንደሚቀንስ ቢታወቅም፣ በዕድሜ ብዛት የሚመጣው የጉልበት መፋቅ ሌላ በሽታ ነው፤ በአውስትራሊያ 202 ሕሙማን ላይ በተደረገና በ2016 በታተመ የሁለት ዓመት ጥናት፣ አነስተኛ መጠን የወሰዱት ከፍተኛ መጠን ከወሰዱት የተሻለ የሕመም ቅናሽ አሳይተዋል። ክብደት መቀነስና የጭን ጡንቻን ማጠንከር ግን ለጉልበቱም ለሲአርፒውም እንደሚበጅ ጽፎ ያበቃል።

20ኛዋ ጸሐፊ እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች፤ በጠርሙሱ ጀርባ ላይ ምን ተጽፏል? ልጁ ጠርሙሱን ራሱ የገዛው ስለሆነ ወዲያው በ21ኛው ምላሽ ጻፈው። እንክብሉ 1,000 ሚሊግራም የዓሣ ዘይት ይላል፤ በትንሹ የተጻፈው ግን ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ነው። እናቱ በቀን ሁለት ይወስዳሉ፤ በድምሩ 600 ሚሊግራም። ይህ ከኦሃዮው ጥናት አነስተኛ መጠን ግማሽ አይሞላም፤ ምንም ለውጥ አላሳየም ከተባለው በቪታል 1 ግራም ዘይት ውስጥ ከነበረው 840 ሚሊግራም ኢፒኤና ዲኤችኤም ያነሰ ነው። 11ኛውና 12ኛው ጸሐፊዎች ያን ያህል የተናከሱበት 4 ግራም እንዲሞላ በቀን አሥራ ሦስት ያህል እንክብል መዋጥ ይኖርባቸው ነበር።

ልጁ እንክብሉን ለሁለት ሳምንት አስቁሞ እንደገና ማስለካት እንደሚያስብ ሲጠይቅ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው በ22ኛው ምላሽ ያ ምንም እንደማያሳይ አስረዳው። ኦሜጋ 3 በቀይ የደም ሕዋሳት ሽፋን ውስጥ ይገባል፣ የሕዋሳቱም ዕድሜ 120 ቀን ገደማ ስለሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሰውነት አይወጣም። ይልቅስ እንደ ልማዳቸው ይቆዩና፣ ጉንፋንም ቁስልም በሌለበት ጊዜ፣ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ባለ ከፍተኛ ስሜቱ ሲአርፒ ይለካላቸው አለ። ልጁ ተስማምቷል፤ የመጀመሪያው ቀጠሮ ከበዓሉ በኋላ ተይዟል። 23ኛው ጸሐፊ ደግሞ ይህ ምርመራ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቋል፤ ለጊዜው መልስ የሰጠው የለም።